በሩን የምትከፍተው

ታናሺቱ ተመራማሪ መቀመጥ አልሆነላትም። ከወንበሯ ትነሳለች፣ እስከ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ተመልሳ የሴል ማሳደጊያውን ሳጥን በር ከፈት አድርጋ ታያለች። እንዲህ ያለች ቁንጥንጥ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ትሠራለች አትበሉ፤ ጉብዝናዋ የተመሰከረላት ናት።

ሳጥኑ ውስጥ ከታላቅ እህቷ ዕጢ የተወሰዱ ሴሎች አሉ። የዕጢው መሀል ደም በደንብ አይደርሰውም፤ እዚያ ኦክስጅን የተራቡት ሴሎች ተሸሽገው ከመድኃኒቱ ሁሉ አምልጠዋል። እሷ ደግሞ ከእህቷ ደም ተከላካይ ሴሎችን ወስዳ አሠልጥናለች። እነዚህ ዘቦች ጤነኛውን አካል እንዳይነኩ ኦክስጅን ባለበት ይተኛሉ፣ ባጠረበት ብቻ ነቅተው ይናከሳሉ። ከሳጥኑም አየር የዕጢውን መሀል እንዲመስል ኦክስጅኑ ተቀንሷል።

ዘቦቹን ከዕጢው ሴሎች ጋር ሳጥኑ ውስጥ አድርጋ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቴም ዘቦቹ ለጥ ብለው ተኝተው ተገኙ። ዛሬ ጠዋት የገባው የመጨረሻው ናሙና ነው። ይህ ከከሸፈ እህትየው ሕክምናውን አታገኝም፤ ሌላ ተስፋ ደግሞ የላትም። ታናሺቱ ይህን ባሰበች ቁጥር እጇ በሩ ላይ ነው።

ስልኳ ጮኸ፤ እህቷ ናት፣ ከሆስፒታል አልጋዋ።

"ምንድነው የሚንጓጓው?"

"የሳጥኑ በር ነው፣ እትዬ። ነቅተው እንደሆነ ልይ ብዬ።"

"ስንቴ ነው የምታዪው? አይ አንቺ! ልጅ ሆነሽም ድስቱን በየደቂቃው እየከፈትሽ ስንት ቀን ጥሬ አበላሽን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?"

ልትስቅ ስትል ነገሩ ገባት። በሩ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። የተራቡት ይተነፍሳሉ፣ ዘቦቹም ሰላም መስሏቸው ያንቀላፋሉ። ሁለቱንም ሙከራ ያበላሸችው እሷው ናት፣ በገዛ እጇ።

በሩን ጥርቅም አድርጋ ቆለፈችና ቁልፉን ለአለቃዋ ሰጠች።

"ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።"

ከዚያ እህቷ አልጋ አጠገብ ጥፍሯን ስትበላ ሰነበተች። ስንት ጊዜ ተነስታ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠች ወንበሩ ይናገር።

በመጨረሻ አለቃዋ ደወሉ። "ነቅተዋል! የዕጢውን ሴሎች ጠርገዋቸዋል፤ አሁን ወደ እህትሽ ይገባሉ።"

እህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

"በይ እንግዲህ" አለች እህትየው፣ "አሁን ድስቱ እኔ ነኝ። እየገለጥሽ እንዳታዪኝ።"

"አላይሽም፣ እትዬ። እኔ ልሙት!"

"ተይ፣ ማንም አይሙት" አለች እህትየው እጇን ይዛ። "ቁጭ ብቻ በይልኝ።"