አሥራ አራተኛዋ መስመር

"እቺን የት ነው የምጽፋት?" አለ የስፖርቱ መምህር፣ ስልኩን የሒሳቡ መምህር አፍንጫ ሥር ደቅኖ።

የሒሳቡ መምህር እርሳሱን አስቀመጠና መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። የዕረፍቱ ሰዓት አልቆ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በየዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ጊዜ ሲደርስ መምህሩ ሁሉ ቅጹን ይዞ ወደሱ ይመጣል። ቁጥር የሚያስተምር ሰው ቅጽ መሙላት አያቅተውም ተብሎ ከተወሰነ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ማን እንደወሰነ አይታወቅም። እሱም እያጉረመረመ ይሞላል፣ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በእስክርቢቶ። ያጉረምርም እንጂ ይወደዋል። የማን ደመወዝ ስንት እንደሆነ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። በሙያው አሥራ ስምንት ዓመት ስለቆየም ከእሱ የሚበልጥ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው እስከዛሬ አልገጠመውም።

ስልኩ ላይ ያለው ድምር ስድሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ይላል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የቪዲዮዎቹ ነዋ፣ ጋሼ። ያቺ ወገብ ማፍታቻ። ለቀልድ ብዬ ነበር የለቀቅኳት፤ ሰው ወደዳትና ድረ ገጹ በየወሩ ይልክልኝ ጀመር። የዓመቱ ነው።"

ለቀልድ! የሒሳቡ መምህር ስልኩን መልሶ ሰጠው። እሱ ለቀልድ አልጀመረም። ሰሌዳ ገዝቶ፣ መብራት ገዝቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን እየዘጋ አርባ ስድስት የአልጀብራ ትምህርት ቀርጾ ለቋል። ይህን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቅ የለም። ብዙ ታየ የተባለውን ያዩት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ አንዷ አማቱ ናቸው፣ እሳቸውም አልጀብራ ፈልገው አይደለም። ዘንድሮ ያገኘው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ብር ነው። ይሄ ፊሽካ ከአንገቱ የማይወርድ ሰውዬ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ተንጋልሎ እግሩን እያነሳ እየጣለ የእሱን የአራት ወር ደመወዝ ያፍሳል። እንዴት ያለ ነገር ነው!

"ግብሩ ይብዛም ይነስም ግድ የለኝም" አለ የስፖርቱ መምህር። "ብቻ የቤት ብድሩ እንዳይበላሽብኝ። ባንኩ በሚቀጥለው ወር ከግብር ቢሮ ዕዳ የለበትም የሚል ክሊራንስ አምጣ ብሎኛል። ልጆቹም እናቴም እኛም አንድ ክፍል ውስጥ ነን፣ ታውቀው የለ።"

ያውቃል። ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። ከስፖርቱ መምህር ጀርባ፣ ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሥር፣ ከግብር ቢሮ የመጣ ደብዳቤ ተለጥፏል። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ድረ ገጾቹ ለማን ስንት እንደከፈሉ ለቢሮው ስም ዝርዝር ይልካሉ፤ ያላስታወቀ ይቀጣል፣ ክሊራንስም አይሰጠውም ይላል። ደብዳቤውን የለጠፈው ራሱ የሒሳቡ መምህር ነው። ከሱ ሌላ ያነበበው ያለ አይመስልም።

ቅጹ ላይ አሥራ አራተኛዋ መስመር "ከደመወዝ ውጭ የተገኘ ገቢ" ትላለች።

"ተዋት" አለ።

"ልተዋት?"

"እቺን ማን ያያታል ብለህ ነው? ለዚች ብለህ ራስህን አታስቸግር።"

አነጋገሩ የታላቅ ወንድም ነበር። እንዲህ መዋሸት እንደሚችል አያውቅም ነበርና ለራሱም ገረመው።

"አንተ ካልክማ እሺ። ቅጹ ይኸው፣ ፈርሜበታለሁ፤ ከሌሎቹ ጋር አብረህ አስገባልኝ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው አይደል የሚዘጋው? እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።" ትከሻውን መታ መታ አድርጎት እያፏጨ ወጣ።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሳሎን ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ አንድ ጉልበቷን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ስልኳ ወንበሩ እግር ላይ ተደግፏል። "ቀስ" ይላል ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ። "ማንም አያባርራችሁም። ዛሬ እምቢ ካለ ነገ አለ።"

የሒሳቡ መምህር ድምፁን ለመለየት ሁለተኛ ቃል አላስፈለገውም።

"ምሳው ምድጃ ላይ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቀርታኛለች" አለች ሚስቱ ቀና ሳትል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ?"

"ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ወገቤ እኮ ተወኝ። መድኃኒት ቤት ቆመን የምንውለው ሁላችንም እሱን ነው የምናየው። አንተ ጋ የሚያስተምረው ነው፣ አላወቅከውም?"

"ሐኪም ነው እንዴ እሱ? ኳስ ነው የሚያጫውተው።"

"ውይ፣ ቀናህ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

"ምኑ ያስቀናኛል?" ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሊጠይቅ ያልፈለገውን ጠየቀ። "የኔንስ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሚስቱ ስልኩን አጥፍታ ተቀመጠች። "ሁለቱን አይቻለሁ።"

"አርባ ስድስት ናቸው።"

"አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርህ? ስታስረዳ ትቆጣለህ። ማንም ምንም ሳይልህ 'ይሄ እንኳን አይገባችሁም?' ትላለህ። ለጨዋታ ብዬ የከፈትኩት እኔ እንኳ ደንግጬ ዘጋሁት።"

ምሳውን ጀምሮ ተወው። ሚስቱ አይታው ውኃ ቀድታ አጠገቡ አስቀመጠችና ወገቧን ሳትይዝ ብድግ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሳትይዝ መነሳቷንም አየ። እሱንም በስፖርቱ መምህር ላይ ቆጠረበት።

ማረፊያ ክፍሉ ተመልሶ ቅጾቹን በእስክርቢቶ ማድመቅ ጀመረ። ባዶ መስመር ላይ ሰረዝ ይደረጋል። የራሱን ቅጽ ባለፈው ሳምንት ጨርሷል፤ የእሱም አሥራ አራተኛ መስመር ላይ ሰረዝ አለች። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ብር ማስታወቅ አፍሮ ነው። ግብር ቢሮ ያለችው ልጅ ስታነብ ፈገግ የምትል መስሎት።

ዘጠኝ ተኩል ሲል የስፖርቱ መምህር ቅጽ ላይ ደረሰ። ከታች "ከላይ የሰፈረው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" ከሚለው ሥር ፊርማው አለ። ከላይ የሰፈረ ነገር ሳይኖር ነው የፈረመው። እስክርቢቶውን መስመሯ ላይ አሳረፈ።

ይቀጣ። ብድሩም ይቅርበት። ሰው ሁሉ ሲንጋለል ብር ይዘንብለታል እንዴ? እንዲህ እያለ ልቡን ሊያደነድን ሞከረ። ለጥቂት ጊዜም ተሳክቶለት ነበር።

ያልቻለው የሚቀጥለውን ወር ነው። ባንኩ ሲመልሰው፣ ቢሮው ሲቀጣው፣ ይሄ ሰውዬ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እዚችው ጠረጴዛ ጋ ነው የሚመጣው። ወረቀቱን ዘርግቶ "ጋሼ፣ ምን ባደርግ ይሻላል?" ይላል። አይጠረጥረውም። የቅጣቱን ቅጽም ሙላልኝ ብሎ ይሰጠዋል።

"አይ እኔ" አለ የሒሳቡ መምህር፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ። ከመሳቢያው ሁለት ንጹሕ ቅጾች አወጣና ወደ ሜዳው ወጣ።

የስፖርቱ መምህር ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ወደሱ መጣ። "ምነው፣ ጎደለ እንዴ?"

"አሥራ አራተኛዋን ሙላት። ድረ ገጹ ስምህን ለቢሮው ልኳል። ባትሞላት ክሊራንስ አታገኝም ነበር።"

"ውይ፣ ተሳስተህ ነው እንግዲህ። ሰው አይደለህ?"

እዚህ ላይ ማለፍ ይቻል ነበር። አዎ ቢል ነገሩ ያበቃል።

"አልተሳሳትኩም" አለ የሒሳቡ መምህር። "ደብዳቤውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቀንቼብህ ነው።"

የስፖርቱ መምህር ፊሽካውን በጣቱ ላይ ጠመጠመ፣ ፈታ። "ቤቴን ልታስቀርብኝ ነበር።"

"አዎ።"

"እናቴ ወለል ላይ ነው የምትተኛው። ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ።"

ከዚያ የስፖርቱ መምህር አንዱን ቅጽ ተቀብሎ የተመልካች አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። ጋሼ አላለውም፤ የት ልጻፍ ብሎም አልጠየቀም። የሒሳቡ መምህር አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለተኛውን ቅጽ ዘርግቶ የራሱን ስም ጻፈ፣ ደመወዙን ጻፈ። አሥራ አራተኛዋ ላይ ሲደርስ እርሳስ አልፈለገም። በእስክርቢቶ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ ስፖርቱ መምህር ገፋው።

"ከመፈረሜ በፊት" አለ፣ "የኔን አንተ እይልኝ።"