ለመኪና የሚሆን ምንጣፍ

«ይኼኛው አይላጥም፣ ውኃም አይጠጣ» አለ ጋሻው፣ ከታክሲው ጣሪያ ላይ ያወረደውን ጥቅል በእግሩ እየገፋ ወደ ጋራዡ ሲያስገባ። «ሻጩ የጭነት መኪና ይቁምበት ነው ያለኝ።»

ጠይባ በበሩ ተደግፋ አየችው። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ ነው። እሷ ሁለት ክረምት ስትመርጥ የኖረችውን ነገር የባሏ ጓደኛ ከቁርስ በኋላ ወጣ ብሎ ይዞት መጣ።

ከሰዓት በኋላ የኦክላንድ ሰዎች ለሞተው ታላቅ ወንድሟ ለከማለዲን ከቁርአን ያሲንን ሊቀሩለት ሳን ሆዜ ድረስ ይመጣሉ። ሳሎኑ ለሴቶቹ እንኳ አይበቃም፤ ወንዶቹ የሚቀመጡት ጋራዡ ውስጥ ነው። ባሏ ባህረዲን ትናንት ባዶውን ወለል አይቶ፣ «እንግዳ እንዴት ጫማውን አውልቆ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጣል? ነውር ነው» አለ። ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ከማለዲን ከሱዳን ከመጣ ጀምሮ ያደረው እዚያው ሲሚንቶ ላይ፣ በታጣፊ አልጋ ነበርና።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ይህን አያውቅም። ከፍሪሞንት ለመጡትም፣ ከዳሊ ሲቲ ኮል ላደረጉትም የተነገራቸው፣ መርሁም ከማለዲን ፎቅ ላይ፣ ከነጠይባ ልጅ አጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ ያድር እንደነበር ነው። ታጣፊውን አልጋ ባህረዲን በቀብሩ ማግስት ከቤት አውጥቶታል። ቤተሰብ መጀመሪያ ሬሳውን ያጥባል፤ ቀጥሎ ወሬውን።

የፎቁ ክፍልማ ነበረ። አልጋው ተነጥፎ፣ ፍራሹ ከነላስቲኩ፣ በሩ ዝግ ሆኖ ነበረ። ለእንግዳ ነው የተባለው። ወንድም ደግሞ እንግዳ አይደለም።

ከማለዲን መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ቀኑን ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ይውላል፣ ማታ ወደ ሲሚንቶ ይገባል። ስለ ክፍሉ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ግን፣ «እህት ዓለም፣ ከታች የሆነ ነገር አንጥፊልኝ እስቲ። ስሰግድ ጉልበቴን ይነክሰኛል» አላት።

ጠይባ እምቢ አላለችም። እምቢ ብትል ይሻል ነበር። መምረጥ ጀመረች።

ሳኒቬል ከምትሠራበት ፋብሪካ ስትወጣ በየስቶሩ እየዞረች ሳምፕል ትሰበስባለች፤ ጎማ፣ ላስቲክ መሳይ ቪኒል፣ የወለል ቀለም፣ ምንጣፍ። አንድ ጊዜ ገንዘብ ካወጣን የሚበረክት መሆን አለበት ትላለች። እያንዳንዱ ላይ የሞተር ዘይት ታንጠባጥብና የቶዮታዋን ጎማ ታሳድርበታለች። ቪኒሉ ቢጫ ሆነ። ቀለሙ ተላጠ። ጎማው ሸተተ። ምንጣፉ ዘይቱን እንደ ሻይ ጠጣው። ጠዋት ጠዋት አጎንብሳ ስትመረምር ከማለዲን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አልጋው ላይ ሆኖ ያያታል።

«መኪናዋ የትኛውን ወደደች?» ይላታል።

እሷም ትስቃለች። ደሴ ልጆች ሳሉ በቤቱ አንድ አጎዛ ብቻ ነበር፤ እሷ መሀሉ ላይ ትተኛለች፣ እሱ ጠርዙን ይዞ መሬት ላይ። ያኔም ሲቀልድ ነበር የሚያነጋው።

ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ ማንም ሳያውቅለት የኖረ በሽታ። ወለሉ አልገደለውም። ጠይባ ይህን ታውቃለች። ማወቋ ግን አልጠቀማትም።

ጋሻውና ባህረዲን ጥቅሉን ከበሩ እየዘረጉ ወደ ውስጥ ገፉት። የኋላው ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ጋሻው ካርቶኖቹን ገፋ አደረገና ቆመ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? በማስቲሽ ተጣብቃለች።»

ቡናማ ቁራጭ ምንጣፍ ነበረች። ጠይባ አወቀቻት። ዘይት ጠጥታለች ብላ ቆሻሻ ውስጥ የጣለቻት ሳምፕል ናት። አንዱ ጥጓ እስካሁን እንደጠቆረ ነው።

«ላንሳት? ከሥር ከቀረች አዲሱ ያብጣል።»

«አንሳት፣ አንሳት» አለ ባህረዲን ፈጠን ብሎ። «የመኪናው ዘይት እንዳይፈስ ያነጠፍናት ናት።»

እትዬ ሲቲ ፔርሙሱን እንደያዙ ጠጋ አሉ። ከኦክላንድ ሴቶች ትልቋ ናቸው፤ ወጥ ለማገዝ ከሁሉም ቀድመው ነው የመጡት። ጎንበስ ብለው አዩ። ቁራጯ መሀል ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ፀጉሩ አልቆ ክሩ የታየባቸው ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች ነበሩ።

«ዘይት እንዲህ ጥንድ ሆኖ አይበላም፣ ባህረዲን። ይኼ ጉልበት ነው። ፊቷም ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ ነው።» ወደ ጠይባ ዞሩ። «የማን ነው፣ ልጄ?»

መልሱ ተሰናድቶ ምላሷ ላይ ነበር። ከማል ጸጥታ ስለሚወድ ለሰላት ከፎቅ እዚህ ይወርድ ነበር ማለት ብቻ ነው። ያማረ ውሸት ነው፤ ማታ ሴቶቹ እየተቀባበሉ የሚያለቅሱበት። ባህረዲን በዓይኑ ለመናት። ጠይባ አፏን ከፈተች።

«የከማል ነው፣ እትዬ። የሚተኛውም እዚሁ ነበር።»

ጋሻው አንገቱን ደፍቶ ምንጣፍ መቁረጫውን ቢላ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። እትዬ ሲቲ ፔርሙሱን ቀስ ብለው ካርቶን ላይ አስቀመጡ። ሰው ባዘነ ቁጥር «አብሽሪ፣ አይዞሽ» የሚሉ ሴት ናቸው፤ ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ ለጠይባ ስንቴ ብለዋታል።

«አላህ ይርሀመው» አሉ። አብሽሪ አላሏትም። ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ።

ጠይባ ቢላውን ከጋሻው እጅ ወሰደች። አዲሱን ምንጣፍ ራሷ እስከ ግድግዳው ዘረጋችና ያበጠውን ቦታ በመዳፏ ፈልጋ ስለቱን ሰካች።

«ይበላሻል እኮ» አለ ባህረዲን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ምንጣፉ ሻጩ እንዳለውም ጠንካራ ነው፤ በሁለት እጇ እየተጫነች በአራቱም ጎን ቆረጠችው። ግራጫው ሲነሳ ቡናማዋ ቁራጭ ከነጥቁር ጥጓ ብቅ አለች። ውጭ የመኪና በሮች ሲዘጉና ወንዶች ሰላም ሲባባሉ ተሰማ። ኦክላንዶች ደርሰዋል።

ጠይባ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተንበረከከች። የእሱ ጉልበቶች ከእሷ ሰፋ ብለው ነበር የሚያርፉት። የእሷን ከፈት አድርጋ ሁለቱ ጎድጓዳዎች ውስጥ አስገባቻቸው፣ ቅዝቃዜው ከሲሚንቶው ተነስቶ እስኪመጣላት ድረስም ጠበቀች።