ያስረጀሁት ክዳን

በዚህ ሙያ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ገና አልተወለደም፤ ከተወለደም ጡት አልጣለም። የድሮ ሬዲዮ፣ የድሮ ግራማፎን፣ ባለ እንጨት ስፒከር፣ ዕድሜ የበላውን ሁሉ ከሞት አስነሣለሁ። ሽቦውን ሌላ ይጠግነው፤ የእኔ ሥራ መልኩ ነው። አንዲት ዝንብ ቨርኒሽ የቀባሁት ሳጥን ላይ ሽቅብ ልትወጣ ስትል አንሸራቷት ወድቃ፣ ተነሥታ በውስጡ መልኳን ስታይ ቆማ ስትቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ልብስ ሰፊው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር በጋሪ እየገፋ ወርክሾፔ ሲገባ፣ መጀመሪያ የመረመርኩት ዕቃውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። በሩን ዘጋ። በመስኮቱ አጮልቆ አየ። በሩ መዘጋቱን ሊያረጋግጥ ደግሞ ተመለሰ። እንዲህ የሚያደርግ ወይ የሰረቀ ነው ወይ ሚስቱን የሚፈራ።

«ማንም አይገባም አይደል ጋሼ?»

«እንደ አኳኋንህ ከሆነ ፖሊስ ሳይገባ አይቀርም» አልኩት።

ብርድ ልብሱን ገለጠው። ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ ሳጥን የያዘ ባለ አራት እግር ግራማፎን ነው፤ እንጨቱ ማር የመሰለ፣ ማዞሪያዎቹ ናስ። ክዳኑ መሀል ላይ ግን አንድ ካውያ፣ ሹል ጫፉ ሳይቀር፣ ከሰል ሆኖ ታትሟል።

«የማን ነው?»

«የአማቴ።»

«ያውቃሉ?»

«ቢያውቁማ በእግሬ እመጣ ነበር?»

የሰረቀ ሰው ካውያ ይዞ ስለማይዞር ግማሽ በግማሽ አመንኩት። አማቱ ዕድሜያቸውን በኬላ ላይ የሰው ሻንጣ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። የቤታቸው ጣሪያ እስኪታደስ ዕቃቸውን በየዘመዱ ሲበትኑ፣ ይኼን ግራማፎን እሱ ቤት አስቀመጡ።

«ከሠርጋችን ወዲህ አምነው የሰጡኝ የመጀመሪያው ነገር ነው» አለ።

«ልጃቸውን ሰጥተውህ የለም?»

«እሷማ ራሷ ናት የመጣችው። እሳቸው እስከ ዛሬ አንቱ ነው የሚሉኝ፤ ኬላ ላይ ሊፈትሹት ያሰቡትን መንገደኛ አንቱ እንደሚሉት። ቅዳሜ መጥተው ያዩታል። ይኼን ካዩ ዕድሜ ልኬን አያምኑኝም።»

«ታዲያ ካውያ ምን ሲል እዚያ ላይ ወጣ?»

«ሱሪ እየተኮስኩ ሳለ ስልክ ጠራ፤ ሳላስበው አስቀመጥኩት።»

«ማን ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «እሳቸው። ግራማፎኑ ደህና ነው ወይ ብለው።»

ሂድ፣ ተኝተህ እደር አልኩት። የተቃጠለውን ስስ የእንጨት ልባስ በስለት ገፈፍኩ። ከአንድ ያረጀ ቁም ሣጥን በር ላይ የመስመሩ አካሄድ የሚገጥም ልባስ ልጬ፣ በኮላ ለጥፌ፣ ድንጋይ ጫንኩበት። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ በጥጥ እየነከርኩ ቨርኒሽ አለበስኩት። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ክዳኑ ሲያበራ ጎንና ጎኑ ከሙሽራ አጠገብ የቆመ ሎሌ መሰለኝ። ጎኖቹን ሠራሁ። ጎኖቹ ሲያበሩ ናሱ አፈረ፤ ናሱን ወለወልኩ። ከዚያ የስፒከሩ ጨርቅ የደሀ ሸማ መሰለ፤ አውጥቼ በአዲስ ለወጥኩት። እጄን የሚይዝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ስጨርስ በአካባቢው መብራት ቢጠፋ እንኳ በዚያ ክዳን ብርሃን ክር በመርፌ ቀዳዳ ይገባ ነበር።

ልብስ ሰፊው መጣ፤ አየ፤ አመድ መሰለ።

«የአማቴን የት አደረሱት?»

«እሱ ነው እኮ።»

«ጋሼ፣ ልጆች አሉኝ። የአማቴን ዕቃ መልሱልኝ።»

ተንበርክኮ ከሥሩ ገባ፤ እግሮቹን አንድ በአንድ ዳበሰ፤ ከጀርባው አሸተተ። ከአማቱ ጋር ብዙ ስለኖረ አፈታተሹን ለምዶታል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባል የለ? እኔም ከቆሻሻው መሀል የተገፈፈውን ልባስ አውጥቼ፣ ካውያው የታተመበትን፣ ሰጠሁት። ልብስ ሰፊ ነውና በስንዝሩ ለካው። ትከሻው ወረደ።

«የእኔው ካውያ ነው» አለ። «ታዲያ ምን አድርጌዎት ነው እንዲህ የሠሩት? ሽማግሌ ይዤ መጣሁ፤ ሙሽራ አወጡልኝ። እሳቸው ይኼን አይተው ‘ምን ሊደብቅ ነው ያሳደሰው?’ ነው የሚሉት። ሽማግሌውን ይመልሱልኝ።»

ጥበቤ እንዲህ ተሰድቦ አያውቅም። ይሁን እንጂ ማስረጀትም ከማሳመር የሚበልጥ ሙያ ነው፤ ሙያው ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ። ብርሃኑን በአመድና በዘይት ጨርቅ ገደልኩት። በየማዕዘኑ የጫማ ቀለም አሸሁ። ናሱን በኮምጣጤ እንፋሎት አደበዘዝኩት። አሮጌውን ጨርቅ ከነአቧራው መለስኩ። ልብስ ሰፊው አጠገቤ ቆሞ «እዚህ ጋ ጭረት ነበረች፣ ትንሽ ጠመም ትላለች» ይለኛል፤ እኔ እጭራለሁ። «አዎ፣ እሷ ናት» ይላል፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ።

እሱ ጋሪውን ሊያመጣ ሲወጣ ግን እጄን በላኝ። ይኼን ያህል የኖረ ክዳን፣ አንድ ሰው እንኳ ብርጭቆ ሳያስቀምጥበት? ማን ያምናል? ከዳር በኩል አንዲት የሻይ ብርጭቆ ክብ፣ ግማሿ የደበዘዘ፣ አሳረፍኩበት። ማማሯ! ለእሱ አልነገርኩትም፤ ጥሩ ሥራ ራሱ ይናገራል።

ቅዳሜ እኔም ቤቱ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው አልጠራኝም፤ ሥራዬ ሲታይ ቆሜ ላይ ብዬ ነው። አማቱ አባባ ገቡ፤ ሰላም ከማለታቸው በፊት በር ላይ ያለውን ጫማ ቆጠሩ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«ጎረቤት ናቸው አባባ» አለ ልብስ ሰፊው።

«በየት በኩል?»

«በስተግራ» አልኩ። እሱም እኩል «በስተቀኝ» አለ።

«ሲገቡ በግራ፣ ሲወጡ በቀኝ ነው አባባ» አለች ልጃቸው ከወጥ ቤት በር ላይ።

አባባ መነጽራቸውን አደረጉና ግራማፎኑን ዞሩት። ጀርባውን አንኳኩ። ጣታቸውን ከሥሩ ሰደው አቧራውን አዩ። ክዳኑን ከፍተው ዘጉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። ጭረቶቹን አንድ በአንድ ነካኩ። «ደህና» አሉ። ሊቀመጡ ሲሉ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረጉ፤ ቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ክቧ ናት።

«ይኼ የብርጭቆ ነው» አሉ ዝግ ብለው። «እዚህ ላይ የውሃ ጠብታ አርፋ አታውቅም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አበባ ብታስቀምጥበት ሳምንት አላናገርኳትም። ማነው?»

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞረ። እንዲያ ያየኝ ሰው የለም፤ ካውያው በእጁ ቢኖር ኖሮ ግንባሬ ላይ ነበር የሚያሳርፈው። «እኔ አይደለሁም» ቢል «ማነው?» ይመጣል፤ እሱን ተከትሎ እኔ፣ እኔን ተከትሎ ካውያው።

«እኔ ነኝ አባባ። ሻይ ይዤ ሳለ ስልክ ጠራ፤ ሳላስበው አስቀመጥኩት።»

አባባ ቀስ ብለው ቀና አሉ። የሻንጣውን ድርብ ወለል ገልጠው የተደበቀውን ጥቅል ያገኙ ይመስል ፊታቸው በራ።

«አውቄው ነበር» አሉ። «ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እንዳለዎት አውቃለሁ። ተፈትሾ ምንም የማይገኝበት ሰው እንቅልፍ ይነሣኛል። ምን ይሆን የደበቀው እያልኩ ስገላበጥ… ለካ ሻይ ነው።»

«አዎ አባባ።»

«ሌላስ?»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከክዳኑ አነሣ። «ሌላ የለም።»

«በል ተቀመጥ፣ ምን ይገትርሃል።» አንተ አሉት። ልብስ ሰፊው እንደ ተጣለ ከረጢት ወንበሩ ላይ ወደቀ። «ጣሪያዬ ሲያልቅ አንተው ራስህ ታመጣልኛለህ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ።»

ከዚያ ክዳኑን እንደ ልጅ ራስ ዳበሱት።

«እንጨቱን እዩት ግን። የመስመሩን አወራረድ እዩት። ይኼን ክዳን የሠራ እጅ ዛሬ የለም። የዛሬዎቹ ቀለም ደፊ ናቸው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አይመስልዎትም ጎረቤት?»

ያ እጅ በኪሴ ውስጥ ነበር። ምላሴ ተነሣች፤ ጥርሴ ጋ ደረሰች። ልብስ ሰፊው ከተቀመጠበት በስውር እግሬን ረገጠኝ፣ በተረከዙ፣ ሳያነሣ።

«የድሮ ሰው አለቀ አባባ» አልኩ።

«አለቀ። እርስዎ ምን ይሠራሉ?»

«እኔ… ጡረተኛ ነኝ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?» አሉ፤ ወንበራቸውን ከልብስ ሰፊው ወደ እኔ አዙረው ተቀመጡ።