የከድጄ ጣውላ

በ1964 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ የሒሳብ መምህራችን አቶ ያረጋል አምስት ነጥቤን በቀይ ብዕር ሰረዙብኝ። አዲስ አበባ ለነጻ ትምህርት ፈተና የሚላከው ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ብቻ ነው። አባቴ ሸረፋ ደግሞ ቃሉን ሰጥቷል፦ አንደኛ ከወጣሁ እማራለሁ፣ ካልሆነ እዳራለሁ። ያለ አምስቱ ነጥብ ሁለተኛ ነበርኩ።

ጥያቄው «የe^(−t²)ን ኢንተግራል ከዜሮ እስከ x ፈልጉ» ይላል። መጽሐፉ «በተለመዱት ፈንክሽኖች አይጻፍም» ስላለ፣ መምህሩ «መልስ የለውም» ብሎ የጻፈውን ብቻ ልክ ነው ብለው ያርማሉ። እኔ ግን ገና ካልደረስንበት ምዕራፍ የማክሎረንን ዘዴ አንብቤ ነበር። ፈንክሽኑን በቁራጭ ዘርግቼ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ኢንተግሬት አድርጌ ጻፍኩ፦ x − x³/3 + x⁵/10 − x⁷/42።

«ይሄ ግምት ነው» አሉኝ።

«ግምት ከሆነ ይመዘናላ!» አልኩ። ነድጄ ነበር።

አባቴ ከጎረቤታችን ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጣ ይነግዳል። የማንንም ቃል አያምንም፤ ጆንያውን ሻጩ ፊት ራሱ እንደገና ካልመዘነ አይረከብም። የሆነውን ስነግረው «ወላሂ ከድጄ፣ ሚዛኑን ውሰጂ፤ እኔም እመጣለሁ» አለኝ።

አናጢው ጀማሉ ልክ አንድ ኪሎ የሚመዝን ካሬ ጣውላ ላገልኝ። ጎኑን አንድ ብዬ የፈንክሽኑን መስመር ነጥብ በነጥብ ሣልኩበት። ከመስመሩ በላይ ያለውን በመጋዝ ቆርጦ ጣለው፤ የቀረው ስፋት ኢንተግራሉ ነው፤ ሙሉው አንድ ኪሎ ስለሆነ ክብደቱ መልሱን ይነግረኛል።

ሰኞ ጠዋት ሚዛኑን ተሸክሜ ክፍል ገባሁ። በበርበሬው ሽታ ተማሪው ሁሉ ያስነጥስ ጀመር። አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ጣውላውን መዘንኩት፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ግራም። ሰሌዳው ላይ በx ቦታ አንድ ስተካ 0.743 ወጣ፤ በሚዛኑ 743 ግራም ማለት ነው።

«ሰባት ግራም ተሳስተሻል» አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው።

x⁹/216ን ጨመርኩበት። 0.747 ሆነ።

«አሁን ሦስት ቀረኝ። የእርስዎ ‹መልስ የለውም› ግን ሰባት መቶ ሃምሳውም ይጎድለዋል» አልኳቸው።

መምህሩ ቀዩን ብዕር አነሱ፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ነጥቤን አልመለሱም። የተላከውም ሌላ ልጅ ነው።

አባቴ ግን ሚዛኑን በዓይኑ አይቷል፤ ስለ መዳሬ ዳግም አላነሳም። የፈተናው ዕለት በበርበሬው መኪና ጋቢና አሳፍሮ አዲስ አበባ አደረሰኝ።

የፈተናው ቦታ በር ላይ ዘበኛው «ማን ላከሽ?» አለኝ።

«ማንም አልላከኝም» አልኩት፤ ጣውላዬን በብብቴ ይዤ አልፌው ገባሁ።