ዋት ኢዝ ሂ ዱዊንግ?

ስልኩ ሲጮኽ ጭምት ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። ሰውነቱ ይፋጃል። ከጠዋት ጀምሮ ጡጦውን ዞር ብሎ አላየውም፤ አሁንማ ማልቀሱንም ትቶ ያቃስታል።

የደወለችው እናቱ ናት። የውጭ አገር ሴት ናት፤ ቢሮ ከገባች ጀምሮ እየደወለች የምትጠይቃት ያችኑ አንድ ጥያቄ ነው። ልጁ አሁን ምን እያደረገ ነው?

ጭምት እውነተኛ ስሟ አይደለም። ከአፏ ቃል የሚወጣው በስንት ልመና ስለሆነ ቤተሰቧ ያወጣላት ነው። የሞግዚትነቱን ሥራ ያገኘችው አክስቷ «እንግሊዝኛ ትችላለች» ብላ አፏን ሞልታ ስለማለችላት ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው በቋንቋ ምክንያት መባረሯን ስትሰማ፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነችውን ታላቅ እህቷን «አስተምሪኝ» እያለች ሙጭጭ ብላ ያዘቻት።

«ምን አስፈራሽ? በእኛ ‹እየ› ከፊት ትመጣለች፤ እየበላ ነው። በእነሱ ‹ኢንግ› ከኋላ ትለጠፋለች፤ ሂ ኢዝ ኢቲንግ። እየተጫወተ ነው በዪ እስቲ።»

«ሂ ፕሌዪንግ።»

«ኢዝን የት አባሽ አደረግሻት?»

«ዋጥኳት!» ተሳሳቁ። «ሂ ኢዝ ፕሌዪንግ። ተኝቷልስ?»

«እሱን እኛ እንዳለቀ ነገር ነው የምንናገረው። እነሱ ግን እንቅልፉንም እየሄደ ያለ ነገር ያደርጉታል። ሂ ኢዝ ስሊፒንግ። ካልሆነ ደግሞ ኢዝ ካልሽ በኋላ ኖት ጣል አድርጊበት።»

በዚህች ስንቅ እስከ ዛሬ ተወጥታዋለች። እየበላ ነው፣ እየተጫወተ ነው፣ ተኝቷል። ሌላ ነገር ተፈጥሮ አያውቅም ነበር።

«ዋት ኢዝ ሂ ዱዊንግ?» አለች እናትየው፣ ጭምት ስልኩን እንዳነሳች።

«ሂ ኢዝ…» እያተኮሰው ነው ለማለት ቃሉን ፈለገችው። የለም።

«ሄሎ?»

«ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» አለ አፏ፣ ከእሷ ቀድሞ።

«ቬሪ ጉድ!» ስልኩ ተዘጋ።

ጭምት ፎጣ ነክራ ግንባሩ ላይ አደረገች፤ ፎጣው ወዲያው ሞቀ። እህቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። «ቆይ፣ ይበርድለታል» አለች ለራሷ፣ ሳታምነው። ትንሽ ቆይቶ ሕፃኑ በድንገት ግትር አለ። ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ እጆቹ ይንዘፈዘፉ ጀመር።

«ኧረ በፈጠረህ! ኧረ የኔ ጌታ!»

መንዘፍዘፉ ሲተወው እቅፏ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝልፍልፍ አለ። እናቱ ጋ ደውላ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምትደውለው እናትየው ናት። ቁጥሯን ነካች።

«ሂ ኢዝ ኖት ስሊፒንግ» አለች። «ሂ ኢዝ… ሂ ኢዝ…» ቃል ሲያጥራት ስልኩን ወስዳ የሚያቃስተው ሕፃን አፍ ላይ ደቀነችው።

ከወዲያ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። «አይ አም ካሚንግ!»

እናትየው መኪናዋን እያበረረች ለመድረስ ብዙም አልቆየች። መኪናው ውስጥ ጭምት ሕፃኑን አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። እናትየው ዓይኗን ከመንገዱ ማንሳት ስላልቻለች እየነዳች ትጮኻለች፦ «ኢዝ ሂ ብሪዚንግ?»

ጭምት ቃሉን ሰምታው አታውቅም። በመስታወቱ አየቻት። እናትየው ደረቷን በእጇ እየመታች አየር ስባ ታስወጣለች። ገባት፤ ይተነፍሳል ወይ ነው የምትለው። ጉንጯን አፍንጫው ሥር አስጠጋች።

«ሂ ኢዝ ብሪዚንግ።»

በየመታጠፊያው ጥያቄው ይመጣል፤ በየመታጠፊያው ጉንጯን ታስጠጋለች። አንድ ጊዜ ምንም አልተሰማትም። «ሂ ኢዝ…» ብላ ቀረች። እናትየው ከፊት «ፕሊስ፣ ፕሊስ» ትላለች። ቆይቶ የሞቀ ትንፋሽ፣ ክር የምታህል፣ ጉንጯን ነካት።

«ብሪዚንግ! ሂ ኢዝ ብሪዚንግ!»

ሕክምና ቤት ደርሰው ሕፃኑ መርፌውን ሲቀምስ ክፍሉን በለቅሶ አናወጠው። ያ ለቅሶ ደስ የሚል ነበር። እናትየው የጭምትን እጅ በሁለት እጇ ይዛ «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

ሁለቱንም ቋንቋ የምትናገረው ሐኪም ወደ ጭምት ዞረች። «እናቱ ስትደውል ደህና ተኝቶ ነበር አለችኝ። ትኩሳቱ ድንገት ነው ማለት ነው?»

ጭምት ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር።

«ድንገት ከሆነ ምርመራው ሌላ ነው፤ ከቆየም ሌላ ነው» አለች ሐኪሟ። «ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።»

አክስቷ፣ መሐላው፣ የተባረረችው ሞግዚት ሁሉ አንድ ላይ መጡባት። ጭምት እጇን ከእናትየው እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው። ተኝቷል ያልኳት ዋሽቼ ነው።»

ሐኪሟ አንዴ እናትየውን፣ አንዴ እሷን አየች። «እንዲህ ብዬ ልንገራት?»

«ንገሪያት» አለች ጭምት። «አሁኑኑ።»