ለማያለቅስ ሕፃን ምስጋና

የሰብለን አራስ ቤት ጠይቆ፣ ልጁን ሳያመሰግን የወጣ ሰው አልነበረም። «እንዲህ ያለ ጨዋ! ድምፁ እንኳ አይሰማ!» ይላሉ፣ የቡላውን ገንፎ ከቅቤው እያጠቀሱ። ሰብለ ግን ጡቷን ከልጁ ከንፈር አስጠግታ ትጠብቃለች። ይጎርሳል፣ አንድ ሁለቴ ይስባል፣ አፉ ይላላል። ሲወለድ እንዲህ አልነበረም፤ ጩኸቱ የባሏን የቃለአብን የእንጨት መሰንጠቂያ ያስንቅ ነበር።

እሷም ደህና አልነበረችም። የቀዶ ጥገናው ስፌት ሲያማት ቡታጅራ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄዳ፣ ጤና መኮንኑ ነብዩ ኮዴይን የሚባል ማስታገሻ ጽፎላት ነበር። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ቤቱ ይዞርባታል፤ ጠያቂ እያናገራት እንቅልፍ ይጥላታል።

«ከክኒኑ ይሆን?» ብላ ለነብዩ ደወለችለት።

«እህቴ፣ መጠኑ በዓለም ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ሳቀባት። «ያንቺ ሆድ ከሰው ይለያል? ይልቅ ቅቤውን ቀንሺ!»

አማቷ እማማ መሰለችም «የአራስ ድካም ነው። ደግሞ ልጅ ካላለቀሰ ምን ጎደለሽ?» አሉ።

እሁድ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ዘመሩ። አንደኛዋ እጇን ሕፃኑ ላይ ዘርግታ፣ «ጌታ ሆይ፣ እናቱን የሚያሳርፍ ልጅ ስለሰጠኸን ተመስገን» ብላ ጸለየች። ቤቱ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ።

«እኔ ለዚህ አሜን አልልም» አለች ሰብለ።

«ምን አልሽ አንቺ?» እማማ መሰለች ደነገጡ።

«ልጄ ተኝቶ አይደለም እማማ፤ ደንዝዟል። ከንፈሩን እዩት!»

ከንፈሩ አመድ መስሏል። ቃለአብ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ልጁን አቅፎ ወጣ፤ እሷም ክኒኑን ይዛ፣ ስፌቷን ደግፋ ተከተለችው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተር ዓለምዘውድ ክኒኑን አየና ሌላ አልጠየቀም፤ ለሕፃኑ ኦክስጅን ሰካለት፣ ማርከሻ መርፌ ወጋው። ቆይቶ ልጁ ተንሰፈሰፈ፤ ከዚያ ጮኸ። ቃለአብ ግድግዳ ተደግፎ አነባ።

«ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን፣ ወደሚያደነዝዝ ብርቱ ማስታገሻ ይለወጣል» አለ ዶክተሩ። «የመለወጡ ኃይል በዘር የሚወረስ ነው። አንዳንዱ ሰው ድርብ አድርጎ ይወርሰዋል፤ ቶሎና አብዝቶ ይለውጣል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው ከብዙ አገር ይልቅ ይበዛል። አንቺም ከእነሱ ሳትሆኚ አትቀሪም። ሞርፊኑ በወተትሽ ወደ ልጁ አለፈ።»

«አሁን ነው የታወቀው?»

«ኧረ ቆይቷል። የእኛው ሰዎች ላይ ተጠንቶ ዓመታት አልፈዋል።»

እስከዚያ ፍርሃት ይዟት ነበር። አሁን ደሟ ፈላ። «ይህ ታውቆ እያለ ነው የሰጡኝ? ማንን ለክተው ነው ‹በዓለም ሁሉ አንድ ነው› ያሉኝ? እኛን ከዓለም አይቆጥሩንም?»

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። «እኔም እስከ አምና እጽፈው ነበር» አለ።

ሕፃኑ እንደ ልቡ መጥባት ሲጀምር፣ አዝላው ነብዩ ዘንድ ሄደች።

«እንኳን ተረፈልሽ! የጌታ ሥራ ነው» አላት።

«የጌታን ለጌታ ተውለት። ክኒኑን አሁንም ለአራስ ትጽፋለህ?»

«ለሌላው ሰው እኮ ምንም አላደረገም።»

«ሌላውን መቼ ጠየቅኸው?»

ወጥታ ተራ ከሚጠብቁት መሀል ተቀመጠች። የምታጠባ እናት በመጣች ቁጥር የደረሰባትን ትነግራለች። ነብዩ በሩ ላይ ቆሞ «ሴትዮ፣ ሰው አታባርሪብኝ!» ብሎ ጮኸ።

«አላባረርኩም፤ ተቀምጠዋል አይደል?»

ያኔ አንዲት አራስ፣ ቀደም ሲል ኮዴይን የጻፈላትን ማዘዣ እንደያዘች ተነስታ ወደ እሱ ሄደች። «ወንድሜ፣» አለችው፣ «ይሄንን ሰርዝና ሌላ ጻፍልኝ።»