ተአምር አትበሉኝ

እማማ ፈንታዬን ማንም አልጠየቃቸውም። ላሚቱ የእሳቸው፣ በረቱ የእሳቸው፤ ሰዉ ግን ከጠዋት ጀምሮ እሳቸውን እንደ ምሰሶ እየዞረ ያልፋል። ልጃቸው መሳፍንት እንኳ በርጩማ አውጥቶ፣ "እማ፣ እዚያ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ፤ ሐኪሟ መጥታለች" አላቸው። ስድሳ ዓመት ላም ያዋለዱ ሴት፣ ፊደል አልቆጠሩም ተብሎ እንደ ለቅሶ ደራሽ በርጩማ ላይ ተጎለቱ።

ዳሚት ምጥ ከያዛት ቆይቷል። ከደብረ ኤልያስ ገበያ ጥጃ ሆና የተገዛች፣ በቤቱ የምትታለብ ብቸኛ ላም ናት። ከከተማ የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ሂዊ፣ ብቅ ያሉትን ሁለት የጥጃ እግሮች በገመድ አስራ ከመሳፍንት ጋር ትስባለች። እግሮቹ ንቅንቅ አይሉም። ላሚቱ ማቃሰቱንም ተወችና አንገቷን መሬት ላይ ጣለች።

ሂዊ ላቧን በክንዷ ጠረገች። "ጥጃው የሞተ ይመስለኛል። እሷም የምትተርፍ አይመስለኝም።"

ጎረቤታቸው እንዳላማው ይህን ሲሰማ ቢላዋ ይዞ ገባ። "መሳፍንት፣ ነፍሷ ሳይወጣ እንረዳት። ሞታ በክት ሆና ለጅብ ከምትጣል፣ ቅርጫ ትሁን።"

መሳፍንት ትንሿን ልጁን፣ የኔአለምን አየ። ወተት የምትጠጣው ከዚችው ላም ነው። ቀስ ብሎ "እሺ" አለ።

እማማ ፈንታዬ ከበርጩማው ተነሡ።

"እንዳላማው፣ ጉበቱ አማረህ?"

"ኧረ እማማ፣ እኔ ለእናንተው አስቤ..."

"ያሰብከው ለሆድህ ነው። ቢላህን ይዘህ ከበረቴ ውጣ።"

እጃቸውን ታጥበው፣ እስከ ክርናቸው ቅቤ ተቀብተው ከዳሚት ኋላ ተንበረከኩ።

"ይቆዩ እማማ፣ እኔ አይቻታለሁ" አለች ሂዊ።

"እግሩን አይተሻል፤ ወደ ላይ አልዳሰስሽም። ዝም ብለሽ ገመዱን ላላ አድርጊው።"

እጃቸው በአንደኛው እግር ላይ ወደ ውስጥ ሄደና ጉልበት አገኘ። በሌላኛው ላይ ሲሄድ ግን ያገኘው ወደ ኋላ የሾለ ቋንጃ ነበር። ቆንጠጥ አደረጉት። እግሩ ሽምቅቅ አለ።

"በሕይወት አለ" አሉ እማማ። "አንዱ የፊት እግር ነው፣ አንዱ የኋላ። የአንድ ጥጃ መስሎሽ ሁለት ጥጃ ባንድ በር እየጎተትሽ ነው። መንታ ናቸው።"

ሂዊ ገመዱን ፈታች። እማማ በፊት እግሩ የመጣውን መልሰው ገፉት፤ የሌላውን ሁለተኛ የኋላ እግር ፈልገው አመጡ።

"አሁን ሳቢ። እሷ ስታምጥ ብቻ።"

ቀይ ጥጃ ወጣች። ሁለተኛዋ ብዙም ሳትቆይ ተከተለች፤ እሷ ግን አትተነፍስም። እማማ አፍንጫዋን ጠርገው የሣር ሰበዝ ሰደዱባት። አስነጠሰች። ዳሚት አንገቷን አቅንታ ልጆቿን ትልስ ጀመር። መሳፍንት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና እያለቀሰ ሳቀ። እማማም ጭዱ ላይ ዘፍ ብለው "እፎይ" አሉ፤ ደግመው "እፎይ" አሉ።

ግቢው ተናጋ። የእንዳላማው ሚስት ወለተ ሰንበት እልል ብላ "ተአምር ነው" አለች። እንዳላማው ከአጥሩ ማዶ "ጉድ ነው፣ ጉድ" ይላል። ሌላው አጃኢብ፣ ሌላው ብርቅ ነው ይላል። እማማ መጀመሪያ ደስ አላቸው። እየቆየ ግን ደማቸው ፈላ።

"ተአምር የማርያም ነው፤ እኔን አትጨምሩኝ። ጉድ የሚባለው ባለ ሁለት ራስ ጥጃ ነው፤ እነዚህ አንድ አንድ ራስ ነው ያላቸው። ብርቅ በዕድሜ አንዴ የሚታይ ነው፤ እኔ መንታ ሳዋልድ ይህ አራተኛዬ ነው።"

"ታዲያ ምን እንበልዎ?" አለች ወለተ ሰንበት እየሳቀች።

"የደብሩ መምሬ ቅኔ ሲያውቁ ሊቅ ናቸው። ይህች ልጅ መርፌ ስትወጋ ዶክተር ናት። እኔ ያወቅሁ ጊዜ ነው ተአምር የሚሆነው?"

ሂዊ እጇን ታጥባ መጣችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"እውነትዎን ነው፣ እማማ። ሳልስብ በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።" ከዚያ መዝገቧን ከቦርሳዋ አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

"ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው?"

"መንታ ጥጆች፣ ሁለቱም በሕይወት፣ እናትየዋም ደህና።"

"ማን እንዳዋለደስ?"

የሂዊ እስክሪብቶ ቆመ።

"ፈንታዬ ብለሽ ጻፊ" አሉ እማማ። "ከጎኑም ባለሙያ በይ። ስትጨርሺ ደግሞ ተነሥተሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።"